ተምራ ትመለሳለች ወይ?



ውድ አንባብያን! የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን የአንዲት ተማሪያችን አባት ከመግሪብ ሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ላይ ጠብቀው አነጋገሩን። ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋለች። የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ከቤቷ ሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ይርቃል። መማር የምትፈልገውም የኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ኡስታዝ፣ እኔ ኮምፒውተሩን አልፈራሁትም። የፈራሁት ልጄ ሄዳ ሌላ ሰው ሆና እንዳትመለስ፣ ጭራሹንም እንዳትቀር ነው» አሉን።

እኛም እንደ መምህር ልማዳችን ስለ ዒልም ታላቅነት፣ የመጀመሪያው ወሕይ በማንበብ ትእዛዝ ስለ መጀመሩ፣ ሴት ልጅን ማስተማር ስለሚያስገኘው ምንዳ ብዙ ተናገርን። ሐጂ በትዕግሥት አዳምጠውን፣ አመስግነውን ሄዱ። ቤታችን ገብተን ነገሩን ስናሰላስለው ግን ያልተጠየቅነውን መመለሳችን ታወቀን። ሐጂ ዒልም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብለው አልጠየቁንም። እርሳቸው የጠየቁት ልጃቸው ተምራ ትመለሳለች ወይ ብለው ነው።

ይህን ጥያቄ ከኛ በፊት ብዙ ዋጋ ከፍሎ የጠየቀ ሕዝብ አለ። በተለምዶ «ቀይ ሕንዶች» የምንላቸው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። አላህ (ሱ.ወ.) ሰዎችን በነገድና በጎሳ የከፈላቸው እርስ በርስ ይተዋወቁ ዘንድ ነውና፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የእነርሱን ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስም የተቀየረበት ሰሌዳ

በ1879 በፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት፣ ካርላይል በተባለች ከተማ፣ በቀድሞ የጦር ሰፈር ውስጥ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መሥራቹ ሪቻርድ ፕራት የተባለ የጦር መኮንን ነበር። ዓላማው የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው አርቆ፣ ቋንቋቸውንና እምነታቸውን አስጥሎ፣ «የሠለጠነ ሰው» አድርጎ ማውጣት ነበር። ልጆቹ እንደ ደረሱ ፀጉራቸው ተቆረጠ፤ ልብሳቸው ተቀየረ፤ በቋንቋቸው መናገር ተከለከሉ። ሉተር ስታንዲንግ ቤር የተባለው ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ጎልምሶ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተደረደሩት የእንግሊዝኛ ስሞች አንዱን በዘንግ እንዲጠቁም እንደ ታዘዘ ተርኳል። የተጻፈውን ማንበብ አይችልም ነበር። በዘንጉ የነካው ስም ስሙ ሆኖ ቀረ።

የትምህርት ቤቱ ስያሜ «የኢንዱስትሪ ትምህርት ቤት» የሚል ነበር። በዛሬ ቋንቋ የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ቤት እንደ ማለት ነው። ወንዶቹ አናጢነት፣ ብረት ቀጥቃጭነት፣ ቆርቆሮ ሥራና ጫማ ስፌት፣ ሴቶቹ ልብስ ስፌት፣ እጥበትና ምግብ ማብሰል ይማሩ ነበር። በእረፍት ጊዜያቸው ወደ ቤታቸው በመመለስ ፈንታ በነጮች እርሻና ቤት እየተመደቡ ይሠሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1918 ተዘጋ፤ በመቃብሩ ውስጥ ግን ከ180 በላይ ልጆች ተቀብረው ነበር።

ካርላይል ብቻውን አልነበረም። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከ1819 እስከ 1969 ድረስ 417 ያህል የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንደ ነበሩ፣ በእነርሱም ቢያንስ 973 ልጆች እንደ ሞቱ አረጋግጧል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በአሪዞና ተገኝተው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል።

እንግዲህ የአንድ ናቫሆ ወይም ላኮታ አባት «ትምህርት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚታሰበው እንገምት። ልጁን አልልክም ቢል መሃይምነትን ስለ ወደደ ነውን? አይደለም። ትምህርት ቤት ማለት ለእርሱ ልጅን የሚወስድና የማይመልስ ቤት ሆኖበት ነው። በኛም አገር ብዙ አባቶቻችንና እናቶቻችን «አስኳላ»ን የሸሹት ዕውቀትን ጠልተው እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ሃይማኖትን ያስለውጣል ብለው ሠግተው ነው የሸሹት።

ከአንድ ሺህ በላይ እጆች

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በናቫሆ ምድር ነው። ናቫሆዎች ራሳቸውን «ዲኔ» ብለው ይጠራሉ። ምድራቸው በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ክፍላተ ግዛት የተዘረጋና 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ነው። በ1965 ፌርቻይልድ የተባለው ታዋቂ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ በዚያ ምድር፣ ሺፕሮክ በተባለች ከተማ ሥራ ጀመረ። ትራንዚስተርና በኮምፒውተር ውስጥ የሚገቡ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ይመረቱ ነበር። በደራበት ጊዜ ከ1,000 በላይ ናቫሆዎች ተቀጥረውበት ነበር፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። ኩባንያው ባሳተመው ጽሑፍ ሥራውን ከናቫሆ ሴቶች የምንጣፍ ሽመና ጋር አመሳስሎ የእጃቸውን ጥበብ አሞግሷል።

ከሩቅ ለሚያየው ቴክኖሎጂ እሰው ደጃፍ ድረስ የመጣ ይመስላል። ይሁንና የብዙኃኑ ድርሻ መገጣጠም ነበር። ንድፉ የሚነደፈው፣ ሒሳቡ የሚሰላው፣ ውሳኔውም የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነበር። በ1975 መጀመሪያ ላይ ሠራተኞች በመቀነሳቸው የተቆጡ የነባር ሕዝቦች ንቅናቄ አባላት መሣሪያ ይዘው ፋብሪካውን ያዙት፤ ለቀው ከወጡም በኋላ ኩባንያው ዘግቶት ሄደ። ማሽኑም ዕውቀቱም አብሮ ሄደ። ለአሥር ዓመታት ያህል በአጉሊ መነጽር አጎንብሰው የሠሩት እናቶች የሚቀጥራቸው አጡ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ልጆቻችን ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት፣ ጽሑፍ መተየብ፣ ስልክ መጠገን ሲችሉ «ቴክኖሎጂ ተማሩ» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። የእጅ ሙያ የተከበረ ሙያ ነው፤ በሐላል ሠርቶ መብላትን የሚያህል ክብር የለም። ነገር ግን ከሺህ ልጆች መካከል ንድፉን የሚነድፍ፣ ሒሳቡን የሚያሰላ፣ ድርጅቱን የሚመራ አንድም ሰው ካልወጣ፣ ባለቤቱ በሄደ ቀን ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ትምህርት ቤቱ የማን ነው?

ናቫሆዎች ፋብሪካው ከመዘጋቱ በፊት ሌላ ነገር ጀምረው ነበር። በ1968 የናቫሆ ማኅበረሰብ ኮሌጅን አቋቋሙ፤ ዛሬ ዲኔ ኮሌጅ ይባላል። በአሜሪካ ምድር አንድ ነባር ሕዝብ ራሱ አቋቁሞ የሚያስተዳድረው የመጀመሪያው ኮሌጅ ነው። ጻይሊ በተባለው ቦታ የተሠራው ግቢ ሆጋን የሚባለውን፣ በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ የሚዞረውን ክብ የናቫሆ ቤት መሠረት አድርጎ የታቀደ ነው። በዚያ ግቢ ሒሳብም፣ ባዮሎጂም፣ የናቫሆ ቋንቋና ታሪክም ጎን ለጎን ይሰጣሉ። ተማሪው አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንዲጥል አይጠየቅም።

ይህን አርአያ ሌሎችም ተከተሉ። በ1973 እንዲህ ዓይነት 6 ኮሌጆች ተባብረው ማኅበር መሠረቱ፤ በ1978 የአሜሪካ ምክር ቤት የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኙበትን ሕግ አወጣ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ30 በላይ ነው። ከእነርሱ አንዱ በኒው ሜክሲኮ፣ ክራውንፖይንት የሚገኘው የናቫሆ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1979 ሥራ አጦችን ሙያ የሚያስተምር ማዕከል ሆኖ ጀመረ። ደረጃ በደረጃ አድጎ በ2013 ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ የኤሌክትሪክና የኢንዱስትሪ ምህንድስና በዲግሪ ያስተምራል፤ በዚያው ግቢ የናቫሆ ቋንቋና ባህልም በዲግሪ ይሰጣል።

ልብ በሉ! በካርላይልም በክራውንፖይንትም የሙያ ትምህርት ነበረ። ልዩነቱ ያለው በሩን የያዘው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። በካርላይል በሩን የያዘው ልጁን ከወላጆቹ ሊለይ የመጣ ሰው ነበር። በክራውንፖይንት በሩን የያዙት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው።

አስተምራ፣ ሠርታ የተመለሰች

ሜሪ ጎልዳ ሮስ በ1908 በኦክላሆማ የተወለደች የቼሮኪ ሕዝብ ልጅ ነበረች። ቼሮኪዎች ለሴት ልጅ ትምህርት ክብር የሚሰጡ ሕዝብ ናቸው፤ በ1851 እንኳ ለሴቶች ብቻ የተለየ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ሜሪም ሒሳብ ተማረች፤ በ1928 ተመርቃ ለዓመታት በገጠር ሒሳብና ሳይንስ አስተማረች። በ1942 ሎክሂድ በተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ ተቀጠረች፤ በኋላም በዚያ ኩባንያ እጅግ ምሥጢራዊ በነበረው የምርምር ክፍል ከመጀመሪያዎቹ 40 መሐንዲሶች አንዷ ሆነች። ስለ ጠፈር በረራ ብዙ ስሌቶችን ሠራች። በታሪክ ከሚታወቁት የነባር ሕዝብ ሴት መሐንዲሶች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

ታሪኳ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የሐጂን ጥያቄ አይመልስም ነበር። በ1973 ጡረታ ከወጣች በኋላ ግን ወጣት ሴቶችንና የነባር ሕዝብ ልጆችን ወደ ምህንድስና ለመሳብ ተንቀሳቀሰች። በ2004 በዋሽንግተን የነባር ሕዝቦች ሙዚየም ሲመረቅ፣ የ96 ዓመት አረጋዊት ሆና የቼሮኪ ልብስ ለብሳ ተገኘች። በ2008 ስትሞት ከሀብቷ ለዚያ ሙዚየም አወረሰች። ሄዳለች፤ ሠርታለች፤ ተመልሳለችም።

እንደ እርሷ ያሉ ሰዎች ብቻቸውን እንዳይቀሩ የነባር ሕዝቦች ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች በ1977 ማኅበር አቋቁመዋል። ተማሪውን ገና በትምህርት ላይ ሳለ በሙያው ካሉ የራሱ ሰዎች ጋር ያገናኙታል፤ ለትምህርቱ ወጪ ይረዱታል፤ የሥራውን በር ያሳዩታል። በ1994 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ለዚህ ማኅበር ስጦታ ሊሰጥ ፈልጎ፣ የኮምፒውተር አንጎል የሆነውን ጥቃቅን ክፍል ንድፍ በምንጣፍ ላይ እንድትሸምን ማሪሉ ሹልትስ የተባለችን ናቫሆ አዘዛት። ማሪሉ ሸማኔ ብቻ ሳትሆን የሒሳብ መምህርትም ናት። በሺፕሮክ ሴቶቹ ሸማኔ ናችሁ ተብለው በመገጣጠሚያው ላይ ተቀመጡ፤ እዚህ ግን ሽመናውም ሒሳቡም በአንዲት ሴት እጅ ነበሩ።

ፊደልና ስልክ

የቼሮኪዎችን ነገር ካነሳን አይቀር አንድ እኛን የሚነካ ታሪክ እንጨምር። ሴኮያ የተባለ ቼሮኪ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል ለቋንቋው የራሱን ፊደል ፈልስፎ በ1821 አጠናቀቀ። እንደኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ይይዛል። በ1828 በዚያ ፊደል ጋዜጣ መታተም ጀመረ። የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ ቁጥር የሚያገኙበት ዩኒኮድ የተባለ ሥርዓት በ1999 ሦስተኛ እትሙ ሲወጣ የቼሮኪ ፊደል ገባበት፤ የኛም የግዕዝ ፊደል የገባው በዚያው እትም ነው። በ2010 ደግሞ የቼሮኪ ፊደል በአይፎን ስልክ ውስጥ ተካተተ። ዛሬ የቼሮኪ ልጅ ለአያቱ በገዛ ፊደሉ መልእክት ይልካል። ይህ የተገኘው ቋንቋውንም ኮምፒውተሩንም የሚያውቁ የራሳቸው ሰዎች ስለ ነበሯቸው ነው።

ችግሩ ሁሉ ተወገደ ማለታችን ግን አይደለም። በናቫሆ ምድር ዛሬም መብራትና የቧንቧ ውኃ ያልገባላቸው ብዙ ቤቶች አሉ። በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን በዘጋ ጊዜ ተማሪዎች ኢንተርኔት በሚገኝበት ሕንፃ አጠገብ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። በ2020 መጨረሻና በ2021 የወጡ ሕጎች ለነባር ሕዝቦች የኢንተርኔት መስመር ዝርጋታ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል መድበዋል። ገንዘቡ መስመሩን ይዘረጋል፤ ልጁን የሚያስተምረውና የሚቀበለው ግን ሰው ነው።

ከመዲና የምናገኘው

ይህ ሁሉ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሲራ መጻሕፍት እንደ ተዘገበው ከበድር ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያጡ፣ ነገር ግን መጻፍ የሚችሉ፣ እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን መጻፍ እንዲያስተምሩና ነፃ እንዲወጡ ተደርጓል። መምህራኑ የመካ ሙሽሪኮች ነበሩ። ዕውቀቱ ከእነርሱ ተወሰደ፤ ልጆቹ ግን በመዲና፣ በወላጆቻቸው ዘንድ ነበሩ። ወጣቱ ዘይድ ኢብኑ ሣቢትም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት ተምሯል። ተምሮም ለኡማው ደብዳቤ ጸሐፊና አንባቢ ሆኗል። ሲማር የሚመለስበት ቦታ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለት ነበርና።

ይህን ይዘን ባለፈው ሳምንት ወደ ሐጂ ቤት ሄድን። የመጀመሪያው መልሳችን የችኮላ እንደ ነበር ነግረናቸው ይቅርታ ጠየቅን። ከላይ የጻፍነውንም አጫወትናቸው። ቡና ታፈላ የነበረችው ልጃቸው ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ኡስታዝ፣ መመለሱንስ እመለሳለሁ። ግን ተመልሼ የምሠራው ምንድን ነው?» አለችን።

አባትና ልጅ ሁለት ጥያቄ ጠየቁን፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። እኛም በዚያች ሰዓት በመድረሳችን የኮሚቴ ክፍል ውስጥ ያሉትን ሦስት ኮምፒውተሮች አስታወስን። አንድ በጎ አድራጊ ከሰጡን ሁለት ዓመት አልፏል። አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ አልብሰን፣ ልጆች እንዳያበላሹብን ቆልፈንባቸው ተቀምጠዋል። ከሚቆልፉት ሰዎች አንዱ እኛው ነን። ልጆቻችን እንዲመለሱ እንፈልጋለን፤ የሚመለሱበትን ክፍል ግን ቆልፈናል።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ በአቅማችን የሚቻለውን እናድርግ። አንደኛ፣ ልጁን «ወይ ዲንህን ወይ ትምህርትህን ምረጥ» አንበለው፤ ሁለቱም በቤታችን ተከብረው ይይ። ሁለተኛ፣ የሒሳብ ትምህርትን ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ጀምረን እንከታተል፤ የምህንድስና በር የሚዘጋው እዚያ ነው። ለሴት ልጅ በተለይ፣ የጥናት ሰዓቷን በቤት ሥራ አንሻማት። ሦስተኛ፣ ከመካከላችን በሙያው የተሠማሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ወደ መድረሳ መጥተው ምን እንደሚሠሩ ለልጆቹ ያሳዩ። አራተኛ፣ ልጅ ሩቅ ሲሄድ በዚያ ከተማ ያሉ የሙስሊም ተማሪዎችን ጀመዓና ደህና ቤተሰብ አስቀድመን እናገናኘው፤ በየሳምንቱም እንደውልለት፤ ስንደውልም ስለ ሶላቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ትምህርቱም እንጠይቀው። አምስተኛ፣ ለእረፍት ሲመጣ የሚያስተምረው ክፍል፣ የሚይዘው ኃላፊነት አዘጋጅተን እንጠብቀው።

እናንት ወጣቶችም! መሄዳችሁን አንከለክልም። ስትሄዱ ግን መጠቀምን ብቻ ሳይሆን መሥራትን ተማሩ። በስልካችሁ ላይ ያለው ፕሮግራም እንዴት እንደ ተሠራ ጠይቁ። የተማራችሁትንም ከኋላችሁ ላለው ታናሽ አስተላልፉ።

ሐጂ ልጃቸውን ራሳቸው ሊያደርሷት ወስነዋል። መንገዱን እስኪያልፉ ዱዓ አድርጉላቸው። የኮሚቴው ወንድሞችም ከአንድ ስብሰባ ክርክር በኋላ ቁልፉን ሊሰጡን ተስማምተዋል። እርሷ ለመጀመሪያው እረፍቷ ስትመጣ ጨርቁን የምታነሣው ራሷ ትሆናለች ኢንሻአላህ፤ አሥር ልጆችም ከወዲሁ ተመዝግበዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በሄዱበት ይጠብቅልን፤ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ እኛንም ተቀባዮቻቸው ያድርገን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።